የጠዋት ፍተሻ

በቤቱ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የመኝታ ክፍሉ መስኮት ብቻ ነው። ልብስ ቆራጯ እናት ልጇን ከእንቅልፍ ቀስቅሳ፣ ካናቴራና ቁምጣ እንደለበሰች፣ እዚያ መስኮት ሥር ታቆማት ነበር። ሰዓቱ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ጨርቅ መቁረጥ ያስለመዳት ነገር ነውና ከጠርዝ ትጀምራለች፤ መጀመሪያ የእግር ጣቶች፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ቅልጥም፣ ጉልበት እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ክንድ፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ አንገት። መጨረሻ ላይ «አፍሽን» ትላታለች። ልጅቷ አፏን ትከፍታለች፤ ድዷ እንዳልደማ፣ ምላሷ ላይ ደም የቋጠረ ነገር እንደሌለ ይታያል። ከዚያ እናትየው ያየችውን ቡናማ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች።

ይህን ማድረግ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ ሳትወድቅ ሳትጋጭ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰውነቷ በለዘ። ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ። ጤና ጣቢያ የወሰዷት ዕለት ነርሷ አባትየውን ወደ ውጭ አስወጥታ እናትየውን ለብቻዋ «ማነው የመታት?» ብላ ጠየቀቻት። አባትየው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ እጁ እንደ መዶሻ የከበደ፣ እሱ ራሱ ግን ዝንብ የማይገድል ሰው። ያን ዕለት ከበር ውጭ ቆሞ የጠበቀባትን ሩብ ሰዓት እስኪሞት ድረስ አልረሳትም።

ትልቁ ሆስፒታል ሲላኩ የተቀበሏቸው ሐኪም ሽበታቸውን ወደ ኋላ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። «ደም ሲፈስ እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ፕላትሌት ይባላሉ» አሉ። «የእሷ ሰውነት ዘበኛ አለው፤ ጎበዝ ዘበኛ ነው። ችግሩ፣ የቤቱን ሰዎች ሌባ ናችሁ እያለ ይይዛቸዋል።»

«ታዲያ ዘበኛውን ማባረር አይቻልም?» አለ አባትየው።

«እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ማን ይያዝልህ?»

የጤነኛ ሰው የፕላትሌት ቁጥር ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ነው። የልጅቷ ዘጠኝ ሺህ ነበር። አብዛኛው ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ይድናል ተባሉና ጠበቁ። ስድስት ወሩ አለፈ፤ ዓመቱም አለፈ። የታዘዘላት ፊት የሚያሳብጥ እንክብል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ እንክብሉ ሲቆም ቁጥሩ ተመልሶ ይወርዳል። አባትየው ያበጠ ጉንጯን በሁለት ጣቱ ይዞ «ይህን ጉንጭ ከማን ሰረቅሽው?» ይላታል። ስሟን ትቶ «እንቁላሌ» እያለ የሚጠራትም እሱ ነው። ደም ሊቀዳ መርፌ ሲመጣ «ቧንቧ ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እኔ እያለሁ አይፈስም» ሲላት ልጅቷ ሳትወድ ትስቃለች።

አባትየው በሥራ ላይ እንዳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሣም። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። የቤቱ ዓይን ሁሉ ልጅቷ ላይ ሳለ ሞት በሌላ በር ገባ። ቆራጯ ከቀብር በማግሥቱም ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ልጇን መስኮቱ ሥር አቁማ ፈትሻለች፤ የዚያን ቀን ወረቀት ላይ ሁለት አዳዲስ ምልክቶች ተጽፈዋል፣ ሌላ ምንም አልተጻፈም።

ወረቀቱ የልብስ ልክ የሚወጣበት ወፍራም ወረቀት ነው። የወር መጀመሪያ ሲሆን ልጅቷን ወረቀቱ ላይ አስተኝታ ዙሪያዋን በእርሳስ ታነሣለች፤ በአንዱ ገጽ የፊቷን፣ በሌላው የጀርባዋን። አዲስ ምልክት ሲገኝ በሰማያዊ ጠመኔ ልክ በመጠኑ ትስለዋለች፤ አጠገቡ ቀኑን፣ ቀጥሎ ቀለሙን ትጽፋለች፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። እንደ መርፌ ጫፍ ያሉትን ቀያይ ነጠብጣቦች ግን ትቆጥራቸዋለች እንጂ አትስላቸውም። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን በሲባጎ አድርጋ ከጓዳው በር ጀርባ ትሰቅለዋለች። ሰባ ሁለት ወረቀት ተሰቅሏል። ከሥር ያለችው አምስት ዓመቷ ናት፤ ከላይ ያለችው አሥራ አንድ። ሐኪሟ አንድ ጊዜ ጥቂቶቹን አይተው «የኛ መዝገብ ቤት ይህን ቢያይ ያፍራል» ብለው ነበር። ቆራጯ ይህን ቃል ለማንም አልተናገረችም፤ ግን አልረሳችውም።

ነገሩ የተበላሸው በገዛ መቀሷ ነው። የትምህርት ቤት ልብስ የሚሰፋበት ቤት ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ቆርጣለች። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በጨው ውሃ ተነክሮ ቀለሙን መጨረስ እንዳለበት ለስንት አዲስ ሠራተኛ ያስተማረችው እሷ ናት። ለልጇ ግን ከጥቅል ጫፍ የተረፈ ጨርቅ አግኝታ፣ ያን ሳምንት እግሯ መቆም አቅቶት ስለነበር፣ ሳትነክር ቆረጠችው። ልጅቷ አዲሱን ልብስ ለብሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ መታት። አውልቃ ጥላው፣ ሳትታጠብ ተኛች።

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ትከሻዋ፣ ክንዷ፣ ወገቧ ሰማያዊ ነበር። ቀለምን ሃያ አንድ ዓመት የምታውቀው ሴት ቀለም መሆኑ በሐሳቧም አልመጣም። ስድስት ዓመት ሙሉ በልጇ ገላ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ፣ የራሷን አንዱን እግር በነጠላ ጫማ ሌላውን በሽፍን ጫማ አድርጋ፣ በታክሲ ሆስፒታል ደረሰች።

ሐኪሟ ትከሻዋን አየት አደረጉና ጥጥ በአልኮል ነክረው አንድ ጊዜ ጠረጉት። ጥጡ ሰማያዊ ሆነ፤ ትከሻው ጸዳ።

«ይህ ከደም የመጣ አይደለም፤ ከጨርቅ የመጣ ነው» አሉ።

ልጅቷ መሳቅ ጀመረች። ነርሷም ሳቀች።

«ሥራሽ ምን ነበር ያልሽኝ?» አሉ ሐኪሟ ኮስተር ብለው።

«ልብስ ቆራጭ።»

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ አንድ።»

«በይ ተዪው፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የሚያስቅ ነገር አላጣሁም።» ጥጡን ጣሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ፣ እኛ የምናክመው ቁጥሩን አይደለም፤ ልጅቷን ነው። አፏ ካልደማ፣ ነስር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከቆመ፣ ጭንቅላቷን ካልተመታች፣ ትሂድ ትማር። አንቺ ግን መቼ ነው ያረፍሽው?»

ቆራጯ የልጅቷን ጋቢ ማጠፍ ጀመረች።

ያን ቀን ሥራ የደረሰችው አርፍዳ ነው። ምክንያቷን መናገር ነበረባትና፣ አባትየው ያወጣላትን ስም እንኳ ሳታስቀር፣ ተናገረች፤ ስትናገር ደግሞ ነገሩ ራሷንም አሳቃት። እሷ ስትስቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም አልሰማም ነበርና ሁሉም ሥራውን አቁሞ ከበባት። «እንፋሎት» የሚሉት ተኳሽ ካውያውን አንሥቶ «እኔ ጋ አምጪያት፤ ቀለሟ እንዳይለቅ በደንብ እተኩስልሻለሁ» አለ። ቁልፍ ሰፊዋ እስክታነባ ሳቀች። የቁልፍ ሰፊዋ ልጅ ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል እንደምትማር ቆራጯ ታውቃለች፤ በዚያች ሰዓት ግን አላስታወሰችውም።

ሦስት ቀን አልፈጀም። «እንቁላሏ ቀለም ለቀቀች» የሚለው ወሬ ትምህርት ቤቱን ዞረ። ልጅቷ ቤት መጣች። ራቷን በላች፣ ጥርሷን ቦረሸች፣ ተኛች።

«ነይ» አለች ቆራጯ በማግሥቱ ጠዋት፣ መጋረጃውን ገልጣ።

«አልመጣም።»

«ቶሎ በይ፣ ሰርቪስ ያመልጠኛል።»

«ከዛሬ ጀምሮ አላሳይም። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጨርቅ አይደለሁም።»

«ጨርቅ ነሽ ያለሽ ማነው?»

«ሥራ ቦታ ወስደሽ የዘረጋሽኝ አንቺ ነሻ።»

እናትየው መጋረጃውን ለቀቀችው። ከዚያ ተቆጣች፤ ከዚያ ለመነች፤ በመጨረሻ «በአባትሽ ይዤሻለሁ» አለች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንሥታ «አባዬን እዚህ ውስጥ አታስገቢው» ብላ ወጣች።

ቆራጯ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቷ ሰላይ ሆነች። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ትራሱን ገልብጣ ታያለች፤ አንሶላውን ወደ ብርሃን ታዞራለች፤ የጥርስ ብሩሹ ፀጉር ላይ ሮዝ ነገር እንዳለ በጥፍሯ ትፈትሻለች። ካልሲ ታሸታለች። አንድ ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደ ዋዛ፣ «እስቲ ነይ ልክሽን ልውሰድ፤ ቀሚስ ልቆርጥልሽ ነው» አለቻት።

«ባለፈው ወር ወስደሽዋል።»

«አድገሻል።»

«በሃያ ቀን?»

«ልጅ አይደለሽ፤ ልጅ ያድጋል።»

ልጅቷ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ «ሸሚዜ ወንበሩ ላይ አለልሽ፤ እሱን ለኪው» አለች።

ከሁሉ በላይ ያደከማት ወረቀቱ ነው። የዚያ ወር ወረቀት ከዚያ ጠዋት ወዲህ ባዶ ነበር። ባዶ ወረቀት ደህና ነች ማለት ነው ወይስ ያያት የለም ማለት? ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቢያነሣው በምን ያውቃል? ስለዚህ በየቀኑ ቀኑን እየጻፈች አጠገቡ «አልታየም» ትል ጀመር። አልታየም። አልታየም። አሥራ ሰባት ጊዜ ጻፈችው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሥራ ላይ ስልሳ ድርብ ጨርቅ ደራርባ የሱሪ እግር ስትቆርጥ የልክ ካርቶኑን መገልበጥ ረሳች። ሁሉም ግራ እግር ሆነ። እንፋሎት ክምሩን አገላብጦ አየና «ዘንድሮ ተማሪው ሁሉ በግራ እግሩ ብቻ ነው የሚገባው?» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም የተናገረውን ነገር ራሱ ሳይጠላው አልቀረም፤ ካርቶኑን ከእጇ ተቀበላት። የስፌት ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው፣ መጥተው ጨርቁን ሳይሆን እሷን ነበር ያዩት። «መቀሱን አስቀምጪና ሂጂ» አሏት። «ቁጣ አይደለም። ሄደሽ ተኚ።»

ቤት ሄዶ መተኛት አላሰኛትም። እግሯ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰዳት። መውጫ ሰዓት ገና ስለነበር በሩ አጠገብ ቆመች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ አዛውንት፣ ከግቢው ሲወጡ አዩዋትና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው በደኅና? የማክሰኞው ነስር ተመለሰባት እንዴ?»

«የቱ ነስር?» አለች ቆራጯ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አነሡ፣ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ነግራዎታለች ብዬ ነበር» አሉ። «ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት መጣችና ጥጉ ላይ ተቀመጠች። አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አንገቷን ወደ ፊት ደፋች፤ ‹አባባ፣ ሰዓቱን ይዩልኝ› አለችኝ። ‹ሠላሳ ደቂቃ ከሞላ እዚህ ይደውሉ› ብላ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከኪሷ ሰጠችኝ፤ የሆስፒታሉና የእርስዎ ነው። ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። እኔማ ስደነግጥ እሷ ናት ‹አይዞዎት፣ ይቆማል› የምትለኝ። ሲቆምላት ጠረጴዛዬን በመሐረቧ ጠርጋ ወደ ክፍሏ ሄደች።»

ቆራጯ አመሰገነቻቸው። የግቢውን አጥር ተደግፋ የመውጫውን ሰዓት ጠበቀች።

ልጅቷ ስትወጣ እናቷን አየች፤ አዛውንቱን ደግሞ ራቅ ብለው ሲሄዱ አየች፤ ገባት። አብረው ወደ ቤት ሄዱ። እናትየው በሩን ዘጋችና ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ነገሩሽ» አለች ልጅቷ።

«መንገር የነበረብሽ አንቺ ነሽ።»

«ቆመ እኮ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው።»

«ሰባት ደቂቃ ነበር የቀረሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ስቆጥር የነበርኩት።»

«ለምንድን ነው የደበቅሽኝ? በዚያ ወሬ ተቀይመሽኝ ነው? ተሳስቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ስለ አንቺ ለማንም አልተነፍስም።»

«ወሬው አይደለም።» ልጅቷ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማ ነበር። «መጀመሪያ ወሬው ነበር። አሁን እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ፊትሽ ነው።»

እናትየው የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«ምልክቱ አያመኝም፣ እማ። አንዱም አሞኝ አያውቅም። መስኮቱ ሥር ስታቆሚኝ እኔ እግሬን አላይም፤ አንቺን ነው የማየው። አዲስ ነገር ስታገኚ ፊትሽ አባዬ የሞተ ቀን የነበረውን ይሆናል። ልክ እሱን። ከዚያ ‹በይ ልበሺ› ትዪኛለሽ፤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በየቀኑ። ማክሰኞ ደሙ ሲመጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ደሙን አይደለም፤ ፊትሽን ነው። ስለዚህ እዚያው ጨርሼው ልምጣ አልኩ።»

ቆራጯ ብዙ የምትለው ነበራት። ለማን ብዬ ነው፣ ልትል ነበር። እኔ ባላይ ማን ያይልሻል፣ ልትል ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ተወችው። እጇን ፊቷ ላይ አደረገችው፣ የሌላ ሰው ፊት እንደምትዳስስ።

«ሌላ ፊት ከየት ላምጣ?» አለች በመጨረሻ።

«አምጪ አላልኩም።» የልጅቷ ድምፅ ለስለስ አለ። «የራስሽን ያዢ። እኔ ብቻ ጠዋት ጠዋት አልየው።»

ልጅቷ የቤት ሥራዋን ሠራች። እናትየው ድስት ጥዳ ከፊቱ ቆማ ቀረች፤ እስኪፈላ ድረስ ዓይኗን አላነሣችም።

በማግሥቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቆራጯ የወሩን ወረቀት ከጣውላ ላይ ወጥራ፣ በርጩማ ይዛ፣ ከመኝታ ክፍሉ ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

«ወጥቻለሁ» አለች። «እኔ አላይሽም፤ አንቺም አታዪኝም። አንቺ ተመልከቺ፣ ንገሪኝ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

ከበሩ ወዲያ ልጅቷ ከአልጋዋ ስትወርድ ተሰማ። «ከየት ልጀምር?»

«ከጠርዝ።»

መጋረጃው ሲገለጥ ተሰማት። ልጅቷ ቀስ እያለች ታነብ ጀመር፣ ክፍል ውስጥ ተነሥታ እንደምታነብ ተማሪ።

«የእግር ጣቶች፣ ምንም። ቀኝ ቁርጭምጭሚት፣ ነጠብጣብ፣ አራት... አምስት። ግራ ቅልጥም፣ አንድ፣ አሮጌ።»

«ቀለሙ?»

«ቢጫ። ሊጠፋ ነው።»

«እሺ።»

«ግራ ጉልበት፣ ምንም። ቀኝ ጉልበት፣ ምንም። ቆይ።» ስታጎነብስ ተሰማ። «ከጉልበቴ በላይ አለ። አዲስ ነው። ትናንት አልነበረም።»

የቆራጯ እርሳስ ቆመ። ራሷ ሳታዝዘው ወገቧ ከበርጩማው ተነሥቶ ነበር። የበሩ እጀታ ከትከሻዋ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። እጇን ዘረጋች፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ስንት ጣት ይሆናል?» አለች።

«ሦስት።»

«በማን ጣት? በኔ ነው ባንቺ?»

«በኔ።»

«ሲነኩት ይጠጥራል? እብጠት አለው?»

«የለውም። ለስላሳ ነው።»

«ምን ነካሽ?»

«የዴስኩ ጠርዝ ይመስለኛል። እንጃ፣ አላስታውስም።»

ውሸት ይሆን? ሦስቱ አምስት ጣት፣ ለስላሳው ጠጣር ይሆን? ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየችውን ጽፋ አታውቅም። የልጅቷን ድምፅ መላልሳ አዳመጠችው፤ ድምፅ ደግሞ እንደ ጨርቅ በጣት አይዳሰስም።

ክንድ፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ አንገት ሁሉም «ምንም» ተባሉ። «አፍሽስ?»

ልጅቷ መስታወቱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ስታነሣ ተሰማ። «ንጹህ ነው። ምላሴም።»

ቆራጯ ሰማያዊውን ጠመኔ ኪሷ ውስጥ ትታ በእርሳስ ጻፈች፦ «ቀኝ እግር፣ ከጉልበት በላይ፣ አዲስ፣ ሦስት ጣት በእሷ ጣት። እሷ እንደነገረችኝ።» ምልክቱን ግን አልሳለችውም፤ ቅርጹን አታውቀውም።

«ጨረስሽ?» አለች ልጅቷ ከውስጥ።

«ጨረስኩ።»

«ፊትሽ እንዴት ነው?»

እናትየው ትንሽ አሰበች። «ያው ነው» አለች።

«እንግዲያው ትንሽ ቆይተሽ ግቢ። እኔም ልልበስ።»

ከመንገዱ የሰርቪሱ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ተነፋ። ቆራጯ ሰማችው። ጣውላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አሳርፋ፣ እዚያው ተቀመጠች።